ጎተራ በማስፋት እህል አይበዛም፦ ባትሪ መቀያየሩ ይብቃን

ከገዳሪፍ ወደ ገላባት በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ባሱንዳ አካባቢ ሲመሽ ዳር ይዛችሁ የሚያልፈውን አሮጌ መኪና ሁሉ ተመልከቱ። ጣሪያው ላይ አራት ፓውዛ ተደርድሯል፤ አንዱም አይበራም። የፊት መብራቱ ዘይቱ ሊያልቅ እንደተቃረበ ኩራዝ ቀልቷል። ረዳቱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ በሞባይል ባትሪ መንገድ ያሳያል። ኋላ ደግሞ ሰሊጥ ተጭኗል፣ ከሰሊጡ ላይ ሰው ተጭኗል። ጠዋት ሲሆን ያው መኪና ሻይ ቤት በር ላይ ቆሞ አምስት ሰው በግፊ ያስነሳዋል። ባለንብረቱን «ምን ሆነ?» ብትሉት መልሱ አንድ ነው፦ «ባትሪው ደክሟል፣ ሌላ እገዛለሁ።»

እኔ ዛሬ የምጽፈው ይህንን መልስ ልቃወም ነው። ባትሪው አልደከመም። ያደከምነው እኛ ነን። የምንገዛው አዲሱም ባትሪ በሚቀጥለው ዓመት በዚያው መንገድ ይሞታል፣ እኛም በዚያው መንገድ እንደገና እንገዛለን። ነጋዴ ነን እንላለን፤ ግን ገቢው ከወጪው የሚያንስ ሱቅ ውስጥ ትልቅ ካዝና እያስገባን «አሁን ገንዘቡ ይበቃናል» የምንል ነጋዴዎች ሆነናል። ካዝና ገንዘብ አያመርትም። ጎተራ ስላሰፋህ እህል አይበዛም። ባትሪም እንደዚያው ነው፤ የተሰጠውን ያስቀምጣል እንጂ ከራሱ ምንም አይፈጥርም።

ነገሩ ዛሬ ከምንጊዜውም በላይ ያሳስበኛል። በሱዳን ጦርነቱ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በዚያ በኩል መኪና መለወጥ ለብዙዎቻችን የማይታሰብ ሆኗል። በእኛ በኩል ደግሞ በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ከእንግዲህ ወደ አገር እንደማይገባ መንግሥት ገልጿል። እንግዲህ ያለችንን አሮጌ ላንድክሩዘር፣ ያለችንን ላንድሮቨር፣ ያለንን ቤድፎርድና ኤንትሬ ይዘን ገና ብዙ ዓመት ልንቆይ ነው። ልንቆይ ከሆነ እንደ ሰው እንያዛቸው።

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ። በአማርኛም በሱዳን አረብኛም ኤሌክትሪክ የሚያመነጨውን ዕቃ «ዲናሞ» እንለዋለን። አንድ ስም ለሁለት የተለያየ ዕቃ ሰጥተናል፤ ብዙ ብርም የከሰርነው በዚህ ስም ነው። የጥንቱ ዲናሞ፣ በድሮ ላንድሮቨርና በድሮ ቤድፎርድ ላይ ያለው ረዘም ያለ ሲሊንደር የሚመስለው፣ ሞተሩ ጠንከር ብሎ ካልዞረ ምንም ወይም እዚህ ግባ የማይባል ነገር ነው የሚሰጠው። ሁለተኛው በትክክለኛ ስሙ አልተርኔተር የሚባለው ነው። አጠር፣ ወፈር ያለ ነው፤ በውስጡ ዳዮድ የሚባሉ ነገሮች አሉት፤ ሞተሩ በዝግታ ሲዞርም ቢሆን ከአቅሙ ሲሶውን ያህል ሊሰጥ ይችላል። ለጥንቱ የሚሠራው ዘዴ ሁለተኛውን ይገድለዋል። ለዚህ ነው ገዳሪፍ ሲናዒያ ገብተህ «ዲናሞ አሠራልኝ» ስትል ምን እንደምታሠራ ሳታውቅ የምትወጣው።

አሁን ወደ ሂሳቡ። ሂሳብ የምንወድ ሰዎች ስለሆንን በቁጥር እንነጋገር።

በእንግሊዙ ሉካስ ፋብሪካ የተሠራው ሲ40 የተባለው ዲናሞ፣ በብዙ አሮጌ ላንድሮቨር ላይ የነበረው፣ ሞተሩ በደንብ ሲዞር የሚሰጠው 22 አምፔር ያህል ነው። ይህ ገቢያችን ነው። ወጪውን እንቁጠር። ሁለት የፊት መብራት ባለ 55 ዋት፣ 9 አምፔር። የኋላ፣ የጎንና የዳሽቦርድ መብራት፣ 3። የዝናብ መጥረጊያ፣ 4። የቤንዚን ሞተር ከሆነ ለኮይሉ፣ 4። እስከዚህ 20 ነው፤ መኪናውን የሠራው ሰው ያሰበው ይህንን ነበር፣ ልክ በልኩ። ከዚያ እኛ መጣን። ሁለት ፓውዛ ባለ 55 ዋት ጣሪያ ላይ ሰቀልን፣ 9 አምፔር። ውኃና መድኃኒት የምናቀዘቅዝበት ትንሽ ፍሪጅ አስገባን፣ 4። ቴፕና ሦስት ስልክ ሰካን፣ 3። ድምሩ 36 ሆነ። ገቢ 22፣ ወጪ 36። በየሰዓቱ 14 እንከስራለን።

ኪሳራውን የሚከፍለው ባትሪው ነው። ባለ 70 ባትሪ ቢሆን፣ ከግማሽ በታች ሲወርድ ሞተሪኖውን ለማዞር ይቸገራልና የሚያሠራው 35 ብቻ ነው። 35 ለ14 ሲካፈል ሁለት ሰዓት ተኩል። በክረምት ሌሊት፣ በዋልካ ጭቃ ላይ፣ በአንደኛ ማርሽ እየተንፏቀቃችሁ ከሆነ ደግሞ ዲናሞው 22ቱንም አይሰጥም፤ ሁለት ሰዓት ተኩሉም አይገኝም።

«እሺ፣ ባለ 100 ባትሪ እገዛለሁ» ይላል ወንድሜ። ግዛ። ግማሹ 50 ነው፣ ለ14 ሲካፈል ሦስት ሰዓት ተኩል። በዚያ ሁሉ ብር የገዛኸው አንድ ሰዓት ጨለማ ማዘግየት ነው። ግን የባሰው የሚመጣው በማግስቱ ነው። ቀን ላይ መብራት አጥፍተህ ኮይሉ፣ ፍሪጁና ቴፑ ብቻ ሲሠሩ 11 ይወስዳሉ፤ ከ22 የሚተርፈው 11 ነው። ሌሊት የወጣውን 50 ለመመለስ ወደ አምስት ሰዓት ገደማ ሳትቆም በደንብ መንዳት አለብህ፤ በመሙላት ላይ የሚባክነውን ሳንቆጥር። ኬላ ላይ ሦስት ሰዓት ትቆማለህ፣ ገበያ ላይ ሁለት ሰዓት ትቆማለህ። ባትሪው ሳይሞላ ይመሻል። ሁልጊዜ ጎደሎ የሚውል ባትሪ ደግሞ በውስጡ ያለው እርሳስ ነጭ ጨው ይዞ ይደርቅና ኋላ ብትሞላውም አይቀበልም። ትልቁ ባትሪ ከትንሹ እኩል ይሞታል፤ ልዩነቱ ቀብሩ መወደዱ ነው።

በዚያ ላይ ሙቀቱን ጨምሩበት። በሚያዝያና በግንቦት ገዳሪፍ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው፤ ኮፋኖው ሥር ደግሞ ከዚያ የበለጠ። የባትሪ ነገር የሚያውቁ ሰዎች የሚሉት፣ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው የባትሪ ዕድሜ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ የእኛ ባትሪ በጥሩ አያያዝም የደጋውን ባትሪ ያህል አይኖርም። በመጥፎ አያያዝማ ምን ይባላል?

ሁለት ዓይነት ሰዎች ይከራከሩኛል። ለሁለቱም መልስ አለኝ።

የመጀመሪያዎቹ «ኦሪጅናሉ አይነካም» የሚሉ ናቸው። አባቶቻችን በዚሁ ዲናሞ አሰብ ድረስ ወርደዋል፣ በዚሁ ቤድፎርድ ጥጥና ማሽላ አግዘዋል ይላሉ። እውነት ነው፣ አግዘዋል። ግን አባቶቻችን ሲመሽ መኪናቸውን አቁመው ሥሯ ተኝተዋል። ፍሪጅ አልነበራቸውም፤ ስልክ አልነበራቸውም፤ ጣሪያ ላይ ፓውዛ አልደረደሩም። ወጪያቸው በገቢያቸው ልክ ነበር። አባቶቻችሁን ለመምሰል ከፈለጋችሁ ሁሉንም ምሰሉ፤ ፍሪጁን አውርዱ፣ ፓውዛውን ንቀሉ፣ በአሥራ ሁለት ሰዓት ቁሙ። ይህንን የሚያደርግ ሰው ካለ ዲናሞውን እንዲቀይር አልጨቀጭቀውም። ሁለቱንም ይዞ «ኦሪጅናል» ማለት ግን ራስን ማታለል ነው። ለታሪክ የሚቀመጥ መኪና ሌላ ነው፣ ሰው የሚጫንበት መኪና ሌላ ነው። የድሮውን ዲናሞ ጠርጋችሁ፣ በጨርቅ ጠቅልላችሁ አስቀምጡት፤ ለቁራሌው አትስጡት። አንድ ቀን ልጆቻችሁ መልሰው ይገጥሙት ይሆናል።

ሁለተኛዎቹ ደግሞ «ትልቁን አምጣና ግጠም» የሚሉ ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ አንዱ እኔ ነበርኩ፣ ስለዚህ በስሜ ልናገር።

መኪናዬ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተሠራች ላንድክሩዘር ፒክአፕ ነች። በሦስት ዓመት አራት ባትሪ ከቀየርኩባት በኋላ አንድ ኤሌትሪሺያን «ከሌላ መኪና የወጣ ባለ 90 አምፔር አለኝ» አለኝ። ደስ አለኝ። ገጠመልኝ፤ ልክ ገባ። «ሽቦውንም እንቀይር፣ ይሄ ቀጭን ነው» ሲለኝ «ተወው፣ ቸኩያለሁ፣ ኬላው ይዘጋብኛል» አልኩት። ይህን የምጽፈው እሱን ለመውቀስ አይደለም፤ እሱ ተናግሯል። የተናገረውን ያልሰማሁት እኔ ነኝ።

በዚያ ዘመን በተሠሩት መኪኖች ላይ ከዲናሞው የሚወጣው ኤሌክትሪክ በቀጥታ ወደ ባትሪው አይሄድም። ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው የአምፔር መለኪያ ውስጥ ገብቶ፣ ከዚያ ተመልሶ ነው የሚሄደው። ያቺ መለኪያም ሽቦዋም የተሠሩት ለድሮው ትንሽ ዲናሞ ነው። ባትሪዬ ባዶ ስለነበር አዲሱ አልተርኔተር ያለ የሌለ አቅሙን ላከ። ባሱንዳን ሳናልፍ፣ ሊመሽ ሲል፣ ከዳሽቦርዱ ኋላ የፕላስቲክ ሽታ መጣ፤ ከዚያ ጭስ። ፊውዝ አልነበረም። እኔ የእሳት ማጥፊያ ስፈልግ ረዳቴ ኮፋኖውን ከፍቶ የባትሪውን ገመድ በባዶ እጁ ነቀለ። እጁ መዳፉ ድረስ ተቃጠለ። ኋላ ሰሊጥ ነበር፣ ሁለት ጀሪካን ቤንዚን ነበር፣ ሦስት ሴቶችና አንድ ሕፃን ነበሩ። ያ ልጅ እጁን ባይሰጥ ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ስለ አምፔር አልነበረም።

የዚያን ዓመት አጨዳ ሳይሠራ ከረመ። አሳክሜዋለሁ፣ ደሞዙንም ከፍያለሁ፤ ግን ጣቶቹ እንደ ድሮው አይታጠፉም። ካሳ ከፈልኩ ብዬ እንዳላወራ ደግሞ ያጠፋሁት በአንድ ጀንበር ችኮላና በጥቂት ሜትር ሽቦ እንደሆነ አውቃለሁ። ቆጥ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። እኔ ግን የጣልኩት የራሴን አይደለም፤ የሌላ ሰው እጅ ነው።

ስለዚህ የእኔ ሙግት «አልተርኔተር ቀይሩ» ብቻ አይደለም። «በቅደም ተከተል ቀይሩ፣ ካልሆነ አትንኩት» ነው። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው።

አንደኛ፣ ለኩ። ቴስተር ከአንድ ጎማ ከመነዳሪ ይረክሳል፤ ግን ከአሥር ባለመኪና ዘጠኙ የለውም። ጠዋት ሞተር ሳይነሳ ባትሪውን ለኩት፦ 12.6 ከሆነ ሙሉ ነው፣ 12.0 ከሆነ ሊያልቅ የተቃረበ ነው። ሞተሩን አስነስታችሁ ሁሉን አጥፍታችሁ ለኩ፦ ከ13.8 እስከ 14.4 መሆን አለበት። ከዚያ መብራቱን፣ ፓውዛውን፣ ፍሪጁን ሁሉ አብርታችሁ ሞተሩን ሞቅ አድርጋችሁ ለኩ። ከ13 በታች ከወረደ ባትሪ መግዛት ዋጋ የለውም፤ ገቢያችሁ አንሷል። ከ15 ከበለጠ ደግሞ ሬጉሌተሩ ተበላሽቶ ባትሪውን እየቀቀለው ነው። ባለ 24 ቮልት ከሆነ ቁጥሩን በእጥፍ አድርጉት።

ሁለተኛ፣ ወጪ ቀንሱ። ማንኛውም ነጋዴ ብድር ከመፈለጉ በፊት ወጪውን ያያል። የፓውዛውን አምፖል በኤልኢዲ መቀየር 9 አምፔሩን ወደ ሦስትና አራት ያወርደዋል። ግን አደራ፣ የሚመጣውን ሾፌር ዓይን የሚያጠፋውን ረጅም መደዳ መብራት በዋናው መንገድ ላይ አታብሩ። የራሳችሁን ጨለማ ለሌላ ሰው መስጠት መፍትሔ አይደለም።

ሦስተኛ፣ ኔጌቲቩን አጽዱ። ከባትሪው ወደ ቻሲው፣ ከቻሲው ወደ ሞተሩ የሚሄደው ገመድ ዝጎ፣ ላልቶ፣ አንዳንዴም ጭራሽ ጠፍቶ ታገኙታላችሁ። ኤሌክትሪክ ሄዶ መመለስ አለበት፤ መመለሻው ከተዘጋ መሄጃውን ብታሰፉት ዋጋ የለውም። ብዙ «የሞተ ዲናሞ» የምትሉት በሽቦ ብሩሽና በአንድ ቡሎን የሚድን ነው።

አራተኛ፣ አልተርኔተሩን ምረጡ። ትልቁን አትምረጡ፤ ዕቃው በቅርብ የሚገኘውን ምረጡ። ለአንድ ፒክአፕ ከ60 እስከ 65 አምፔር ይበቃል። ለጠባብ አንድ ቺንጋ ደግሞ ከ80 በላይ መጫን ከብዶት ይንሸራተታል፣ ይጮሃል፣ ይበላል፤ ሲበጠስ የውኃ ፓምፑም አብሮ ይቆማል። ካርቦኑና ሬጉሌተሩ ገዳሪፍም፣ መተማ ዮሐንስም፣ ጎንደርም የሚገኝለት የተለመደ የቶዮታ አልተርኔተር፣ ማንም ከማያውቀው ባለ 120 ይሻላል። አሥሩ አምፔር የሚጠቅማችሁ ሳይሆን መንገድ ላይ የሚጠገነው ነው የሚጠቅማችሁ።

አምስተኛ፣ ሽቦውን ቀይሩ። ይህ የማይታለፍ ነው። ከአልተርኔተሩ በቀጥታ ወደ ባትሪው ባለ 16 የመዳብ ገመድ፣ ከባትሪው አጠገብ ባለ 80 ፊውዝ። ያቺን የአምፔር መለኪያ ከመንገዱ አውጧትና በቦታዋ የቮልት መለኪያ አስገቡ። ቮልት መለኪያ ቀጭን ሽቦ ይበቃታል፣ አትቃጠልም፣ እውነቱንም ትነግራችኋለች። ፊውዝ ሲቃጠል በሲጋራ ወረቀት ወይም በሽቦ የሚተካ ረዳት ካላችሁ አስተምሩት፤ ካልሰማ ሌላ ሥራ ስጡት። ፊውዝ የተቃጠለው ሊያድናችሁ ነው።

ስድስተኛ፣ የዳሽቦርዷን ቀይ መብራት አትናቁ። ቁልፍ ሲከፈት የምትበራው፣ ሞተር ሲነሳ የምትጠፋው የባትሪ ምልክት ጌጥ አይደለችም። በብዙ አልተርኔተር ላይ ማመንጨት የሚጀምረው በእሷ በኩል በሚያልፈው ትንሽ ኤሌክትሪክ ነው። አምፖሏ ከተቃጠለ ደህናው አልተርኔተር ላይሠራ ይችላል። በአንድ አምፖል ምክንያት አልተርኔተር የቀየረ ሰው አውቃለሁ።

ባትሪ የሚገዛው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ያውም ካስፈለገ።

እንግሊዝ ሠራሽ ለያዛችሁ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። እ.ኤ.አ. ከ1967 በፊት የተሠራ ላንድሮቨር ብዙውን ጊዜ ከቻሲው ጋር የተያያዘው ፖዘቲቩ ነው፣ ከለመድነው በተቃራኒ። ይህንን ሳያዩ አልተርኔተር የሚገጥሙ ሰዎች በአንዲት ብልጭታ ዳዮዱን ያቃጥሉታል። መጀመሪያ ባትሪውን ማዞር፣ ኮይሉንና ሬዲዮውን ማስተካከል፣ ከዚያ ነው መግጠም።

ለከባድ መኪና ባለቤቶችም የምለው አለ። አይሱዙም ኤንትሬም 24 ቮልት ናቸው፤ ሁለት ባትሪ ተያይዞ ነው የሚሠራው። የእኛ ልማድ ግን ለቴፑና ለስልኩ ከአንዱ ባትሪ ብቻ 12 ቮልት መስረቅ ነው። ውጤቱ ምንድን ነው? የተሰረቀው ባትሪ ሁልጊዜ ጎደሎ ነው። አልተርኔተሩ ግን ሁለቱን እንደ አንድ ነው የሚያያቸው፤ ጎደሎውን ለመሙላት ሲታገል ሙሉውን ከልክ በላይ ይሞላዋል። አንዱ በረሃብ፣ አንዱ በጥጋብ ይሞታሉ። ሁለት በሬ ጠምዶ አንዱን ብቻ የሚያበላ ገበሬ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከ24 ወደ 12 የሚቀንሰውን ትንሽ ዕቃ ግዙ። ባትሪ ስትቀይሩም ሁለቱን አንድ ላይ፣ አንድ ዓይነት ቀይሩ።

ለባለሙያዎቹም አንድ ነገር አለኝ፣ በአክብሮት። ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ ነቅሎ «ካልጠፋ ዲናሞው ደህና ነው» የሚለው ፍተሻ ይቅር። በጥንቱ ዲናሞ ላይ ምናልባት ያስኬድ ነበር። በአልተርኔተር ላይ ግን ባትሪው እንደ ግድብ ነው፤ ግድቡን በድንገት ስታፈርሰው ቮልቱ ከመጠን በላይ ይዘልና ዳዮዱን፣ ሬጉሌተሩን፣ ሬዲዮውን ይዞ ይሄዳል። ደህናውን ዕቃ በፍተሻ ገድሎ «ተበላሽቷል» ብሎ መሸጥ፣ ሳያውቁ ቢሆን እንኳ፣ ሌላ ስም የለውም። ቴስተር ይዛችሁ ለኩ። በባትሪው ላይም ውኃው ሲጎድል አሲድ አትጨምሩ፤ የሚተንነው ውኃ ነውና የተጣራ ውኃ ጨምሩ።

አንዳንዱ «ጣሪያ ላይ ሶላር እሰቅላለሁ» ይላል። ጥሩ ነው፣ አልቃወምም። ባለ 100 ዋት ሶላር በጠራራ ፀሐይ አምስትና ስድስት አምፔር ይሰጣል፤ ቆመን ስንውል ፍሪጁን ይሸከምልናል። ግን ጨለማው የሚመጣው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ሶላር የቀን ረዳት እንጂ የሌሊት ሾፌር አይሆንም።

«ይህ ሁሉ ብር ከየት ይመጣል?» ለሚለኝ የእኔን ደብተር አሳየዋለሁ። ያገለገለ ደህና አልተርኔተር፣ አራት ሜትር ወፍራም ገመድ፣ ፊውዝ፣ ቮልት መለኪያና የእጅ ዋጋ ተደምሮ ለእኔ ከሁለት ባትሪ ዋጋ አልበለጠም። አራት ባትሪ ገዝቼ ነበር። ያን ጊዜ በትክክል ብሠራው ኖሮ የሁለት ባትሪ ብርና የአንድ ልጅ እጅ ይተርፈኝ ነበር።

ብሩ ለአንድ ሰው ከከበደ ደግሞ እቁብ የምንጥለው ለምንድን ነው? ለሠርግ ስንጥል፣ ለበዓል ስንጥል ቆይተናል። መተማ ዮሐንስ ላይ አሥር ባለመኪና በየወሩ ጥለው በየተራ መኪናቸውን ቢያሠሩ፣ በዓመቱ አሥሩም መኪና በሌሊት ያያል። አንድ ቴስተርና አንድ እሳት ማጥፊያ በጋራ መግዛትማ የአንድ ሳምንት የቡና ወጪ ነው።

በመጨረሻም የምናገረው ለሾፌሩ አይደለም፣ ለረዳቱም አይደለም። ለባለንብረቱ ነው። መኪናዋ በሌሊት ስትጨልም እኛ ቤታችን ተኝተናል። «እንደምንም አድርሳት» ብለን በስልክ የምናዘው እኛ ነን፤ ሽቦውን «ተወው» የምንለው እኛ ነን። በጨለማ የሚነዳው፣ በእጁ ገመድ የሚነቅለው ግን የሰው ልጅ ነው። ሰሊጡ ሳይጫን፣ ወገኖቼ፣ ዛሬ ማታ ኮፋኖውን ክፈቱ። ከአልተርኔተሩ የሚወጣውን ሽቦ በእጃችሁ ተከተሉት፤ የት እንደሚገባ፣ ምን ያህል እንደሚወፍር፣ ፊውዝ ይኑረው አይኑረው እዩ። ካልገባችሁ የሚያውቅ ሰው ጥሩ። ሲነግራችሁ ደግሞ እንደ እኔ «ቸኩያለሁ» አትበሉት።